ከበቡሽ ዝም ያለች ቀን

አስፋው ሰማያዊውን ሸሚዝ ልልበስ ወይስ ነጩን ብሎ ሚስቱን ቢጠይቃት «አንተስ የቱ ይሻላል ትላለህ?» አለችው፤ እሱም ሁለቱንም ሸሚዞች እንደ ያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ከተጋቡ ጀምሮ እስከ ትናንት ድረስ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከከበቡሽ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ከበቡሽ ምን እንደሚለብስ፣ ምን እንደሚበላ፣ የትኛው ጎረቤት ደኅና አደርክ እንደሚባልና የትኛዋ እንዳልታየች ሆና እንደምትታለፍ ለባሏ የምትነግር ሴት ናት፤ እሱም ነገሩን ከልቡ ወዶት፣ ሒሳብ ከማስተማር በቀር ሌላ ሐሳብ ሳይገባው ደልቶት የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን ሚስቱ ጠየቀችና ዝም አለች። አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይን ዓይኑን ታየው ጀመር። የሸዋ ሮቢት ግንቦት ነው፤ ገና ከማለዳው የጣሪያው ቆርቆሮ ጠሽ ጠሽ ማለት ጀምሯል፤ አስፋውን ያላበው ግን ሙቀቱ አልነበረም። ትናንት ማታም «እራት ምን ብንበላ ደስ ይልሃል?» ብላው ነበር። ያን ጊዜ የቀለደች መስሎት ስቆ አልፎታል። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ቀልድ የለም። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከቤ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አላት።

«ምን ያደረግህ ይመስልሃል?» አለች ከበቡሽ፣ የተማረችውን ሳታዛንፍ በመሥራቷ በልቧ ለራሷ እያጨበጨበች።

አስፋው ነጩንም ሰማያዊውንም ትቶ የትናንቱን ሸሚዝ ለበሰ፤ ቁርሱን ሳይነካ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበቡሽ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን በሚረዳ አንድ ድርጅት ውስጥ ሱፐርቫይዘር ናት፤ በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናቱን የሚጠይቁት ሠራተኞች አለቃቸው እሷ ናት ማለት ነው። ድርጅቱ በዚያ ሰሞን፣ በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲናና ከማጀቴ ሱፐርቫይዘሮቹን ሰብስቦ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ «ኮቺንግ» የሚባል ሥልጠና ያሰጥ ነበር። አሠልጣኙ ብሩክ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከረባት አስሮ ገብቶ ከሻይ እረፍት በፊት ከረባቱን ኪሱ ከተተ፤ ከምሳ በኋላ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቀለ፤ ወደ ማታ ጫማውንም ሊያወልቅ ምንም አልቀረው። ትምህርቱ ግን ጥርት ያለ ነበር። አለቃ ማለት አዛዥ አይደለም፤ ሠራተኛው የራሱን መፍትሔ እንዲያገኝ የሚያግዝ ሰው ነው። ስለዚህ አትንገሩ፣ ጠይቁ። ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ዝም በሉ፤ ዝምታውን ሳትፈሩ ሠራተኛው እስኪናገር ጠብቁ። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሰፊ ወረቀት «ምክር መስጠት ክልክል ነው» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። በዚያ ሙቀት ከደብረ ሲና ለብሶት የወረደውን ካፖርት አላወልቅም ያለው ታምራት እጁን አውጥቶ፣ ምክር ካልሰጠን ታዲያ ደሞዝ የሚከፈለን ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ብሩክም እንደ ትምህርቱ «እርስዎስ ለምን ይመስልዎታል?» ብሎ ዝም አለ። ታምራት ነገሩ ግምገማ መሰለው። ብድግ ብሎ ሰዓት ያለማክበር ችግር እንዳለበት፣ ሪፖርትም አንዳንዴ እንደሚያዘገይ አምኖ፣ ሂሱን እንደ ዋጠ ተናግሮ ተቀመጠ።

አዳራሹ ሲስቅ ከበቡሽ አልሳቀችም። ትምህርት ላይ ቀልድ አታውቅም፤ የቤት ሥራ ሳትሠራ ትምህርት ቤት የሄደችበት ቀን የለም። ብሩክ «እስቲ ቤታችሁም፣ ከሠራተኞቻችሁም ጋር ተለማመዱት» ሲል ሌሎቹ ሰምተው ረሱት፤ እሷ ግን እንደ ትእዛዝ ያዘችው። ችግሩ ተፈጥሮዋ ነው። ሰው ችግሩን ሲነግራት መፍትሔው ተናጋሪው ሳይጨርስ ምላሷ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ለከበቡሽ መምከር ማለት ማጉረስ ማለት ነው፤ የምትወደውን ሰው አፉን ከፍቶ እያየች ዝም ብላ አታልፍም። ሠራተኞቿም ይህን ስለሚያውቁ እትዬ ከበቡሽ ምን ይሉ ይሆን ይላሉ እንጂ እኔስ ምን እላለሁ ብለው አያውቁም። ቢሮው በዚህ ዓይነት ያለ ጭቅጭቅ ይሠራ ነበር፤ እሷም ሰላሙን እንደ መስማማት ትቆጥረው ነበር።

አስፋው ስለ ሸሚዙ በጠየቃት በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ አንድ ጉዳይ ነበራት። ሐጂራ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ እናቷ ከሞተች ወዲህ ሙሚና ከምትባል ጎረቤታቸው ጋር ትኖራለች። ሙሚና መናኸሪያው አጥር ሥር ሽንኩርትና ማንጎ የምትሸጥ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል የተከራየች ብቸኛ ሴት ናት። አሁን ግን አብዱልሃዲ የሚባል የእናቲቱ ወንድም ከማጀቴ ተነሥቶ ልጅቷን ልውሰድ አለ። የቆርቆሮ ቤት አለው፤ በሬዎች አሉት፤ ሚስትና ልጆች አሉት፤ በመጣ ቁጥርም ስኳር ይዞ ነው። ከበቡሽ ባለፈው ስብሰባ ላይ «የሥጋ ዘመድ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ» ብላ ነበር፤ ስትናገረውም አብራ እስክሪብቶዋን ከድናለች። ቀበሌው ልጅቷን ለአጎቷ የሚያስረክበው በእሷ ፊርማ ሲሆን፣ አብዱልሃዲም በስምንት ሰዓት ሊመጣ ተቀጥሯል። የልጅቷን ጉዳይ የያዘችው ነዒማ ደግሞ ከሠራተኞቿ ሁሉ ወጣቷ፣ እግሯ የማይደክምና ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ትናንት ማታ ደውላ፣ የነገውን እንዴት ላድርግ እትዬ ከበቡሽ ብላ ጠየቀች። ልጅቷን አጣጥበሽ፣ ልብሷን ቋጥረሽ፣ በሰዓቱ ቢሮ ይዘሻት ነይ የሚለው መልስ የከበቡሽን ከንፈር ነክቶ ነበር። ቀዩ ጽሑፍ ትዝ አላትና ዋጠችው፤ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብላ ዝም አለች። ስልኩ ውስጥ የነዒማ ትንፋሽ ተሰማ፤ ራቅ ብሎ ውሻ ጮኸ፤ ከዚያ ተዘጋ። ከበቡሽም ልጅቷ ካርድ ያለቀባት መስሏት ተኛች።

ጠዋት በባጃጅ ወደ ሆቴሉ ስትሄድ ባሏን ከጋሽ ኢብራሂም ሱቅ ደጃፍ ቆሞ አየችው። ጋሽ ኢብራሂም ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የሠፈሩ ክርስቲያንም እስላምም ሲጣላ የሚጠራቸው፣ ካስታረቁ በኋላ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ የሚቆጡ ሽማግሌ ናቸው። አስፋው ወደ ጆሯቸው ዝቅ ብሎ ያወራል፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከበቡሽ ሱሪ ሊያሰፋ ነው ብላ አለፈች። እሱ ብቻውን ጨርቅ እንደማይመርጥ ግን ታውቃለች፤ ደግ ነው፣ ትምህርቱ እየሠራ ነው ብላ ደስ አላት።

አዳራሹ ውስጥ የጣሪያው ማራገቢያ የሞቀውን አየር ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። ሠልጣኞቹ እስኪጀመር ድረስ ያው የሰሞኑን ወሬ ያወራሉ፦ ሽንኩርት ስድስት ብር መግባቱን፣ ለግድቡ የወር ደሞዝ በስንት ወር ተከፋፍሎ እንደሚቆረጥ፣ አበሉ ዛሬ ይሰጥ ወይስ ነገ። ከዚያ ብሩክ ሁለት ሁለት እያደረገ አለማመዳቸው። ከበቡሽ ከታምራት ጋር ደረሰች። እሱ ሠራተኛ ሆኖ ችግሩን አወራ፤ እሷ ጠየቀችና ዝም አለች። ታምራት ዝምታውን አልቻለውም፤ የሠራተኛ ሚናውን ረስቶ ካፖርቱን የማያወልቀው ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ጀርባው ስለተቀደደ መሆኑን ተናዘዘ። ብሩክ በሁሉም ፊት «የወይዘሮ ከበቡሽን ዝምታ አያችሁት? እንዲህ ነው» ብሎ አስጨበጨበላት። ከበቡሽም አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች፤ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ እያለች የተሰማት ኩራት ነው የተሰማት።

ምሳ ላይ፣ ሁሉም ከማንጎው ጥላ ሥር ሽሮውን እየበላ ሳለ፣ ጋሽ ኢብራሂም ከዘራቸውን ይዘው በሆቴሉ በር ገቡ። ከኋላቸው ነዒማ አለች፤ አንገቷን ደፍታ፣ ጫንቃዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ድንጋዩ ከሆቴሉ አበባ መደብ ዙሪያ የተነሣ፣ ኖራ የተቀባ ነጭ ድንጋይ ነበር፤ አስተናጋጁ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ይከተለዋል። የሚጎርስ እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ከበቡሽ ተነሥታ፣ ጋሼ ምን ሆናችሁ፣ ተቀመጡ እንጂ ስትላቸው ሽማግሌው ከዘራቸውን ጭብጥ አድርገው ያዙ፤ ቃላቸው ካልተሰማ እንደማይቀመጡ፣ ውሃም እንደማይቀምሱ ነገሯት። አስፋውም ነዒማም ጠዋት ሱቃቸው ሄደው አማልዱን ስላሏቸው ሁለት ጉዳይ ይዘው መጥተዋል፤ የባሏ ቀለል ያለ ስለሆነ እሱን ማስቀደም ፈልገዋል። አስፋው ከቤት ከወጣ ጀምሮ አስቦ ጥፋቱን አግኝቶታል፤ ዓምና የጠፋውን ትልቁን ብረት ድስት ደብረ ሲና ላለችው እህቱ የሰጠው እሱ ነው፤ አምኗል፣ ይቅርታ ይደረግለት። ከበቡሽ ድስቱን ጎረቤቷ ሐምዲያ ወስዳዋለች ብላ ዓመቱን ሙሉ ያን ምስኪን ሴት እንዳላየች ሆና ስታልፍ፣ ባሏንም እንዲያልፍ ስታዝዝ ኖራለች፤ እሱም ሸሚዝ እንደ መልበስ ታዞ ሲያልፍ ኖሯል። ስለዚህ ጉዳይ የምትለው ብዙ ነበር፤ አንዱም ግን ምክር ሊባል አይችልምና ለማታ አቆየችው።

«አሁን ወደዚች ልጅ» አሉ ጋሽ ኢብራሂም። «ምን እንዳጠፋች አታውቅም። ንገሪያት፤ ከዚያ አፉ በያት።»

ከበቡሽ ምንም አላጠፋችም አለች። ምንም ካላጠፋች ታዲያ ማታ ስልክ ላይ ለምን ዝም ተባለች፤ አንቺው ተወጪው ተብላ ለምን ተጣለች አሉ ሽማግሌው። ከበቡሽ ሥልጠናው ነው፣ ምክር አትስጡ ስለተባልን ነው እያለች ለማስረዳት ሞከረች፤ በአፏ ስትናገረው ለራሷም ጆሮ አልጥም አላት። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ብሩክ መለሱ። ሰውና ሰው እንዳይመካከር የምታስተምረው አንተ ነህ ወይ ብለው ጠየቁት፤ ብሩክ እጁን በናፕኪን እየጠረገ፣ አይ ጋሼ፣ ይህ እኮ የአሠራር ዘዴ ነው አለ።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው ዝም የሚልህ ሲቀየምህ ነው» አሉት። «ሌላ ዓይነት ዝምታ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን።»

ብሩክ ማስታወሻውን አውጥቶ ይህን ጻፈ። ከበቡሽ ግን ነዒማን ነበር የምታየው። የልጅቷ አንገት ጅማት ተወጥሯል፤ ኖራው በላብ ርሶ ነጠላዋ ላይ ይወርዳል። ይህች ልጅ ሌሊቱን እንዴት አድራው ይሆን ብላ አሰበች። ቀርባ ድንጋዩን ከጫንቃዋ አነሣችላት፤ አስተናጋጁም ወዲያው ተቀብሎ ወደ አበባ መደቡ ሮጠ። ከዚያ ነዒማን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፤ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች። ትናንት የጠየቅሁሽ ተቀይሜሽ ሳይሆን የምታስቢውን መስማት ስለፈለግሁ ነው አለቻት። ነዒማ ቀና ብላ አየቻት።

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ነዒማ ኖራውን ከነጠላዋ እያራገፈች ትናገር ጀመር። ባለፈው የማጀቴ ገበያ ቀን፣ ማንም ሳያዛት፣ አይሱዙ ላይ ከእህል ነጋዴ ጋር ተሳፍራ አብዱልሃዲ ቤት ሄዳ ነበር። ቤቱ እንደተባለው ጥሩ ቤት ነው፤ ሚስትየዋም በደንብ ተቀብላታለች፣ ምሳ አብልታታለች። «ስለ ልጅቷ የጠየቀችኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች ነዒማ። «ጀሪካን መሸከም ትችላለች ወይ አለችኝ። ወላሂ እትዬ፣ ስሟን እንኳ አልጠየቀችኝም።»

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጉዳዩ አለቀ ብለው ነበራ።»

ነዒማ ይህን ያለችው ለመውቀስ አልነበረም፤ ዝናብ ስለነበረ አልመጣሁም እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ለከበቡሽ ግን ከማንኛውም ወቀሳ ከበዳት። ስንት ነገር እንዲህ በር ላይ ደርሶ ተመልሶ ይሆን? አዎ እትዬ፣ እሺ እትዬ ሲሏት የኖሩትን ሠራተኞች አንድ በአንድ አሰበቻቸው፤ የእያንዳንዳቸው ፊት መጣባት፣ የአንዳቸው ሐሳብ ግን ሊመጣላት አልቻለም። አፈረች። ቢሆንም ልቧ ወዲያው አልታጠፈም። እሷ ራሷ በስድስት ዓመቷ ውሃ ቀድታለች፤ የአገሩ ልጅ ሁሉ ይቀዳል፤ በአንዲት ሴት አንዲት ቃል ልጅን ከዘመዷ መለየት ይቻላል ወይ ብላ ተከራከረች። ሰውየውን ሳትሰማ መፍረድ አልፈለገችም፤ ነዒማን ተነሽ እንሂድ አለቻት። ጋሽ ኢብራሂም እርቅ መውረዱን ካረጋገጡ በኋላ ተቀምጠው ሽሮ ቀረበላቸው። ብሩክ ሰርተፍኬት ከሰዓት በኋላ እንደሚሰጥ ቢያስታውሳት፣ አንተ ምን ባደርገው ይሻላል ትላለህ ብላው ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ቢሮው አንድ መስኮት ያለው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ክፍል ነው። አብዱልሃዲ ቀድሞ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አዲስ ሽርጥ አገልድሟል፣ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል፣ አጠገቡ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አስቀምጧል። ሰላምታው የሞላ ነበር፤ የቤተሰብ፣ የከብት፣ የዝናብ ጤና ሁሉ ተጠያየቁ። ነዒማ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከበቡሽ እስክሪብቶዋን ሳትከፍት፣ ሐጂራ እናንተ ቤት ስትመጣ ኑሮዋ እንዴት ይሆናል፣ እስቲ ያጫውቱኝ አለችው። ደግ ነዋ፣ የእህቴ ልጅ አይደለች አለ። ከበቡሽ ዝም አለች። እንደ ልጆቼ ትበላለች፣ ትለብሳለች አለ። ከበቡሽ አሁንም ዝም አለች፤ በዚህኛው ዝምታ ውስጥ ጉብዝና አልነበረም፣ በእርግጥ ሊሰማ የሚገባ ነገር ካለ እንዳያመልጣት ፈርታ ነው።

አብዱልሃዲ ግን ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ ሰው ነው። ባለሥልጣን ጉዳይህን ሰምቶ፣ እስክሪብቶውን ሳይከፍት ዓይን ዓይንህን ካየህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና አግዳሚው ላይ ወደ እሷ ጠጋ አለ። ድካማችሁ ይገባኛል፣ ሰው በባዶ አይደክምም አለ። ጥሩ ማር እንዳለው ጠቀሰ። መልስ ሲያጣ አንዲት ፍየልም አለች አለ። ከበቡሽ ነገሩ ቶሎ አልገባትም ነበር፤ ሲገባት ደግሞ ከድንጋጤዋ የተነሣ ቃል አልወጣት አለ።

«ከነግልገሏ» አለ አብዱልሃዲ። ዝምታው አሁንም አልበቃ ብሎት፣ ጨምሮ ለመስጠት ያለመቻሉን ሊያስረዳ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «እኛም እኮ ቸግሮን ነው፣ እመቤቴ። ሠራተኛ ብንቀጥር ወር ሳይሞላት ጥላን ትጠፋለች። ይቺ ግን የራሳችን ናት። ወዴት ትሄዳለች?»

መንገዱ ላይ የጭነት መኪና አለፈና መስኮቱን አንቀጠቀጠው። አብዱልሃዲ ክፉ የተናገረ አልመሰለውም፤ እንደ ጎረቤት ችግሩን አጫውቶ፣ ላቡን በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ መልስ ይጠብቃል። ከበቡሽ ተቆጣች። ልትናገር የምትችለው ሁሉ፣ ስለ ሕፃናት መብት፣ ስለ ጉቦ፣ ስለ ሟች እህቱ፣ ተሰልፎ ቆሟል። ግን ለዚህ ጉዳይ ማንም ሳያዛት አይሱዙ ተሳፍራ የሄደችው ሌላ ሰው ናት። ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ነዒማ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ነዒማ ከግድግዳው ተላቀቀች። መጀመሪያ ወለሉን፣ ከዚያ ከበቡሽን፣ በመጨረሻ ሰውየውን አየች። «ሐጂራ ማጀቴ አትሄድም» አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። «ሙሚና ጋ ትኖራለች። ዘመድነትዎን ካሰቡ እየመጡ ይጠይቋታል።»

አብዱልሃዲ ወደ ከበቡሽ ዞሮ እንድትሽረው ጠበቀ። ከበቡሽ የባልደረባዬን ሰምተዋል አለችው። ቀበሌ እሄዳለሁ፣ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ አለ፤ መብትዎ ነው፣ እዚህ የተናገሩትንም እኛው መጥተን እንናገርልዎታለን አለችው። ስኳሩን አንሥቶ፣ ጃንጥላውን ብብቱ ሥር ከትቶ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ነዒማ ጠጋ ብሎ፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ፣ ፍየሏ አንሳ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

ከበቡሽ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ሳቀች፤ ነዒማም አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። አለቃና ሠራተኛ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሙሚናን አሰቡና ተነሡ።

መናኸሪያው የደሴ አውቶቡስ የገባበት ሰዓት ስለነበር በሰው ተጨናንቋል። ሙሚና ግን እየሸጠች አልነበረም። ሽንኩርቱን በጆንያ ሸፍና፣ ማንጎውን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ሐጂራ ከአጠገቧ ናት፤ ታጥባ ተቀብታለች፣ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፤ የሽንኩርት ልጣጭ በጭብጧ ሙሉ እያፈሰች ወደ ላይ እየበተነች ትጫወታለች። ሙሚና ሁለቱ ሴቶች ሲመጡ አየቻቸው። ከሩጫቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ፊቷ ቆመው ዝም ሲሉ፣ ልጅቷን ሊወስዱ የመጡ መሰላት። ምንም ሳትጠይቅ ጎንበስ ብላ ከጆንያው ኋላ አንድ ፌስታል አወጣች። የልጅቷ ልብስ ተጣጥፎ፣ በላዩ ላይ ደብተሯ ተደርጎ፣ አፉ በጥንቃቄ ተቋጥሯል። በሁለት እጇ ለከበቡሽ ዘረጋችላት። ከበቡሽ አልተቀበለቻትም።

«ፍቺው» አለች። ድምፅዋ እንደ ድሮው፣ እንደ ቢሮው ሆኖ ወጣ። «አሁኑኑ ፍቺው ሙሚና። ልብሷን ቦታው መልሺ። ነገ በጠዋት ትምህርት ቤት ትሂድ፤ ማርፈድ የለም። ልጅቷ ካንቺ ጋር ናት። ነዒማ ናት የወሰነችው፣ እኔም እፈርማለሁ።»

ሙሚና አልሐምዱሊላህ አለች፤ ደግማ ልትለው ስትል አልወጣ አላት። ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቅፋ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠችና በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ነዒማ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ስትይዛት፣ ሽንኩርቱ ነው፣ ዘንድሮ ሽንኩርቱ ኃይለኛ ነው አለች ከሻሹ ሥር። ሽንኩርቱ ተሸፍኖ መሆኑን ማንም አላነሣባትም።

ሐጂራ ልጣጯን ጥላ ቀረበች። ፌስታሉን አየች፤ ከውስጡ የሚታየውን ደብተሯን አየች፤ የበዓል ቀሚሷን ወደ ታች ጎንበስ ብላ አየች። ይህን ሁሉ ስታስበው የቆየች መሰለች።

«እኔ የት ልሄድ ነበር?» አለች።

ሙሚና ሻሿን ከፊቷ አላነሣችም። ነዒማ ወደ ከበቡሽ አየች፣ ከበቡሽ ወደ ነዒማ። በዚህ ሁሉ ወር በስብሰባው፣ በስልኩ፣ በቢሮው ስለ ሐጂራ የተናገረ ሰው ብዙ ነው፤ ለሐጂራ የተናገረ አልነበረም። ልጅቷ ጠይቃ ዝም ብላለች፤ ራሷን ቀና አድርጋ፣ ሦስቱንም በየተራ እያየች ትጠብቃለች። ከበቡሽ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷን አጠገቧ አስቀመጠቻትና ከአጎቷ ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።